ኔትወርኩ ያለው ተራራው ጫፍ ላይ ነው



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ ሰሞኑን ዶርማችን ውስጥ አንድ የቆየ ጥያቄ እንደገና ተነሳ፤ «ጌም መጫወት ችግር አለው ወይስ የለውም?» የሚል። መልሱ እንደወትሮው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ዕድሜ ማባከን ነው፣ ተዉት» አለ። ግማሹ ደግሞ ምንም ሳይመልስ ስልኩ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። እኔ በሁለቱም ወገን ቆሜ አውቃለሁ። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ጌም በጅምላ ከመከራከር፣ አንዲት ትንሽና ረጋ ያለች ጨዋታ ወስጄ ለምን እንደምትወደድ፣ እንዴት እንደተሠራች፣ ከሷ ምን መማር እንደምንችል ላስረዳ። ብይን መስጠት የኔ ድርሻ አይደለም፤ እሱን ለኡስታዞቻችን እተዋለሁ። እኔ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ፤ የለመድኩት አንድን ዕቃ ፈትቶ ውስጡን ማየት ነው።

ከአብነት እስከ ዶርም

ያደግኩት አብነት ነው። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት በኋላ መድረሳ እንውል ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ ለኛ ለልጆቹ ሦስተኛ ትምህርት ቤት ሆኖልን ነበር። መጀመሪያ ብይና ቆርኪ፣ ቀጥሎ ጆተኒ፣ ትንሽ ከፍ ስንል ፕሌይስቴሽን ቤት። ፕሌይስቴሽን ቤት ያልገባ አንባቢ ካለ፦ በሩ ላይ መጋረጃ የተጣለበት ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ተራ የሚጠብቁ ልጆች፣ በጨዋታ የሚቆጠር ሂሳብ።

እኛ የምንገባበት ቤት ሕጉ «የተሸነፈ ይከፍላል» ነበር። አንድ ቀን ኡስታዛችን ይህን ሰሙ። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን። «ስትገቡ ከሁለታችሁ ማን እንደሚከፍል ታውቃላችሁ?» «አናውቅም።» «ያሸነፈው በተሸነፈው ገንዘብ ይጫወታል ማለት ነው?» «አዎ።» «ታዲያ ይሄ ከቁማር በምን ይለያል?» ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሂሳቡን እኩል እየተካፈልን መክፈል ጀመርን። ኳሱም ተጫዋቹም ያው ነው፤ ጭቅጭቁ ግን በግማሽ ቀነሰ። ያኔ ባይገባኝም፣ ኡስታዛችን ያሳዩን ነገር ትልቅ ነበር፤ ጨዋታ ከምስሉና ከድምፁ በታች የተደበቀ ውል አለው። መመርመር ያለበት ያ ውል ነው።

ይህን ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ረሳሁት። ሁለተኛ ዓመት ላይ በቡድን ሆነው በኢንተርኔት የሚዋጉበት የስልክ ጨዋታ ውስጥ ገባሁ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ አባቴ ደወለ። ጨዋታው መሃል ላይ ነበርኩ። ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ለአፍታ አይቆምም፤ ከወጣህ ቡድንህ ይሸነፋል፣ ደረጃህ ይወርዳል፣ ስድብም ትጠጣለህ። ስልኩን ዘጋሁት። ደግሞ ደወለ፤ ዘጋሁት። አራት ጊዜ እንዲህ አደረግኩ። መልሼ ስደውል መግሪብ ሊደርስ ነበር። አባቴ አልተቆጣም። «አያትህ ወደ አገር ቤት ልትሄድ ስለነበር ልታናግርህ ፈልጋ ነው። መኪናው ተነሳ» ብቻ አለኝ።

አያቴ የምትኖረው ስልጤ ዞን ውስጥ፣ ከወራቤ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። በዚያ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ነው። እሷ ደግሞ ጉልበቷን ስለሚያማት ኮረብታ አትወጣም። ለሕክምና ወደ ወራቤ እስክትሄድ ድረስ ድምፅዋን ለመስማት ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። በዚያ ጨዋታ አሸንፌ እንደነበር ወይም ተሸንፌ እንደነበር ዛሬ አላስታውስም።

ስልክ የምትጠብቀው ወፍ

ጨዋታውን ከስልኬ አጠፋሁት። ለአንድ ዓመት ያህልም ምንም አልነካሁም። ከዚያ ለዒድ አል-አድሐ ከውጭ የመጣው የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን ለአንድ ሳምንት ተወልኝ። «አንዲት ጨዋታ አለች፣ በአንድ ምሽት ታልቃለች፣ ሞክራት» አለኝ። «ምን ይገደላል?» አልኩት። «ምንም።» «ታዲያ ምን ይደረጋል?» «ተራራ ይወጣል።» ሳቅኩበት።

የጨዋታዋ ስም «አ ሾርት ሃይክ» ነው፤ «አጭር የእግር ጉዞ» እንደማለት። የሠራት አዳም ሮቢንሰን-ዩ የተባለ ካናዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ለኮምፒውተር በይፋ ወጣች፤ በ2020 ደግሞ በኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል ታላቁን የሱማስ ማክናሊ ሽልማት አሸነፈች። «ኢንዲ» የሚባሉት ጨዋታዎች እንዲህ ናቸው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ካለው ኩባንያ ሳይሆን ከአንድ ሰው ወይም ከጥቂት ጓደኛሞች እጅ የሚወጡ። ይህችኛዋን አንድ ሰው አብዛኛውን ሥራ ለብቻው ሠርቶ፣ ሙዚቃውን ማርክ ስፓርሊንግ የተባለ ባለሙያ ደርሶላት ያለቀች ናት።

ታሪኩ ቀላል ነው። ክሌር የምትባል ትንሽ ወፍ የክረምት ዕረፍቷን በአንድ ደሴት ላይ ካለ ፓርክ ታሳልፋለች። አክስቷ ሜይ የፓርኩ ጠባቂ ናት። ክሌር አንድ አስፈላጊ ስልክ እየጠበቀች ነው፤ ደሴቱ ላይ ግን ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ የሚገኘው የጭልፊት ጫፍ የሚባለው ተራራ አናት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ትወጣለች። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ ሳቄ ጠፋ። ይህን ተራራ አውቀዋለሁ። ስልክ ይዞ ኮረብታ የሚወጣ ሰው ለካናዳዊው ምናልባት የዕረፍት ጊዜ ትዝታ ሊሆን ይችላል። ለኛ ግን የአጎት ልጅ በየሳምንቱ የሚሠራው ሥራ ነው።

ሲፈታ ውስጧ ምን አለ?

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ይህች ጨዋታ ለምን ደስ ትላለች? እኔ አምስት ነገር አግኝቼባታለሁ።

አንደኛ፣ ግቡ ግልጽ ነው፤ ገመዱ ግን ላላ ያለ ነው። ከመጀመሪያው ደቂቃ ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለህ፤ ተራራው ከየትም ቦታ ይታያል። ሆኖም በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት፣ ማንን አናግረህ እንደምትደርስ ማንም አያዝህም። የደሴቱን ካርታ ጥግ ላይ አታገኝም፤ «ወደዚህ ሂድ» የሚል ቀስትም የለም። ስለዚህ ዙሪያህን ለማየት ትገደዳለህ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። አንድ ተራ ፈልገህ ስትገባ የምታገኘው ሌላ ተራ ነው፤ የፈለግከውን ባታገኝም ያልፈለግከውን አይተህ ትወጣለህ።

ሁለተኛ፣ ችሎታህ የሚለካው በወርቃማ ላባ ነው። ክሌር ቋጥኝ ስትቧጥጥ ወይም አየር ላይ ክንፏን ስታራግብ ላባዎቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ፤ መሬት ስትረግጥ ይመለሳሉ። በኛ ቋንቋ ላባው ባትሪ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር የባትሪው አቅም ይጨምራል። በደሴቱ ላይ 20 ወርቃማ ላባ አለ። ጫፍ ለመድረስ ግን ግማሹ እንኳ አያስፈልግም። ይህ ቁጥር የዘፈቀደ አይደለም። ሠሪው ሃያውንም ካላገኘህ አትወጣም ቢል ኖሮ ጨዋታው ሥራ ይሆን ነበር። የሚበቃህ ጥቂት ስለሆነ ተጨማሪውን የምትፈልገው ስለወደድከው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ መውደቅ ቅጣት የለውም። ከገደል ብትወድቅ ክንፍህን ዘርግተህ ትንሳፈፋለህ፤ አትሞትም፣ ነጥብ አይቀነስብህም፣ «ተሸንፈሃል» የሚል ጽሑፍ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ወድቀህ የምታርፍበት ቦታ ላይ ያላየኸው መንገድ ወይም ያላናገርከው ሰው ይገኛል። አንድ ጎበዝ የላብ ረዳት አስተምሮን ከሆነ እንዲህ ነበር ያስተማረን፤ ስህተቱ የሚያስፈራ ካልሆነ ተማሪው ይሞክራል።

አራተኛ፣ በመንገድ ላይ የሚገናኙህ እንስሳት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትንሽ ጉዳይ አላቸው። አንዷ 15 ዛጎል ፈልግልኝ ትልሃለች። አንዱ ለመሮጥ የሚያስረው የግንባር መጠምጠሚያ ጠፍቶበታል። ሌላው ዓሣ ማጥመድ ያስተምርሃል። የዓለም መዳን ያንተ ትከሻ ላይ አልተጫነም። የምትጠየቀው ጎረቤት ጎረቤትን የሚጠይቀውን ያህል ነው።

አምስተኛ፣ ያልቃል። አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ይህን ነገር መጀመሪያ እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር። አሁን ግን ትልቁ ጥቅሟ ይመስለኛል። የሚያልቅ ነገር ከተቀመጥክበት እንድትነሳ ይፈቅድልሃል።

ስለ ምስሏም አንድ ቃል። ምስሉ ሆን ተብሎ ሸካራ ተደርጓል፤ ነጥብ ነጥቦቹ በዓይን ይታያሉ። ለአንድ ሰው ይህ ብልህ ውሳኔ ነው፤ እያንዳንዱን ቅጠል መሳል ስለማያስፈልግ ሥራው ይቀላል፣ አሮጌ ኮምፒውተርም ይችለዋል። ሙዚቃውም እንደ ቦታው ይቀያየራል፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ጫካ፣ ከጫካ ወደ በረዶው ስትወጣ ድምፁ ሳይቋረጥ ይለዋወጣል። ሳታውቀው ጆሮህ የት እንደደረስክ ይነግርሃል።

የእርግቦቹ ጉዳይ

ይህን ካልን ሌላኛውን ዓይነት ጨዋታ እንፍታ፤ አባቴን አራት ጊዜ ያዘጋኝን።

ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእርግቦች ላይ ብዙ ሙከራ ሠርቷል። እርግቧ ቁልፍ በመንቁሯ ስትነካ እህል ይመጣላታል። እህሉ ሁልጊዜ ከተወሰነ ቁጥር በኋላ የሚመጣ ከሆነ እርግቧ ከበላች በኋላ ትንሽ ታርፋለች። እህሉ አንዴ በ3ኛው፣ አንዴ በ40ኛው፣ አንዴ በ12ኛው የሚመጣ ከሆነ ግን ሳታርፍ ትመታለች፤ እህሉ ቢቋረጥ እንኳ ለረጅም ጊዜ መምታቷን አትተውም። ስኪነርና ባልደረባው ፈርስተር ይህን በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ በዝርዝር አስፍረውታል።

አሁን ስልካችሁ ላይ ያለውን የሽልማት ሣጥን አስቡ። ትከፍታላችሁ፤ ምን እንደሚወጣ አታውቁም። አብዛኛውን ጊዜ የማይረባ ነገር፣ አልፎ አልፎ ብርቅ ነገር ይወጣል። ለሣጥኑ እውነተኛ ገንዘብ ሲከፈል ደግሞ ነገሩ ሌላ ስም ያገኛል። ቤልጂየም በ2018 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ በክፍያ የሚከፈቱ ሣጥኖች በአገሪቱ የቁማር ሕግ ሥር እንደሚወድቁ ወስናለች። የአብነቱ ኡስታዛችን ከዚያ ከብዙ ጊዜ በፊት በአንድ ጥያቄ የደረሱበት ቦታ ላይ ነው የደረሰችው።

በዚህ ላይ ሌሎች መንጠቆዎች ይጨመራሉ። በየቀኑ ካልገባህ የምታጣው ስጦታ አለ። ካልተጫወትክ የሚወርድ ደረጃ አለ። መሃል ላይ ብትወጣ የምትጎዳው የቡድን ጓደኛ አለ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የሚጠቀመው ከኛ ክፉ ጠባይ ሳይሆን ከመልካሙ ነው። ሰው ጓደኛውን መተው አይፈልግም። እናም ለማያውቀው ሰው ታማኝ ሆኖ የአባቱን ስልክ ይዘጋል።

ጉዳዩ የኛ ዶርም ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ድረስ የሚደርስ የጌም ልማድን በ11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ እንደ ሕመም አካቶታል፤ ዝርዝሩ በ2019 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ይህ ማለት የሚጫወት ሁሉ ታማሚ ነው ማለት አይደለም። ሕመም የሚባለው ጨዋታው ከሌላው ኑሮ ሁሉ ቀድሞ፣ ጉዳቱ እየታየም አልቆም ሲል ነው።

የደከመ አእምሮ ምን ይፈልጋል?

አንድ ጓደኛዬ «ታዲያ ሁሉንም ብንተወውስ?» ይላል። ለሚችል ሰው መልካም ነው። ነገር ግን ከአምስት ሰዓት የሰርኪዩት ጥናት በኋላ አእምሮ የሆነ ነገር ይፈልጋል፤ ያንን ነገር ካላወቅን ደግሞ የመጀመሪያው ያገኘነው ይወስደናል።

ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ስለዚህ ጽፈዋል። እንደነሱ አገላለጽ ሁለት ዓይነት ትኩረት አለን። አንደኛው ጉልበት የሚጠይቀው ነው፤ ስናጠና የምንጠቀምበት፣ የሚደክም። ሁለተኛው ሳንታገል የሚመጣው ነው፤ የውሃ ፍሰት፣ የቅጠል እንቅስቃሴ፣ የደመና ጉዞ ስናይ የሚሠራው። ሁለተኛው ሲሠራ የመጀመሪያው ያርፋል። ለዚህ ነው ተፈጥሮ ውስጥ መንሸራሸር የሚያድሰን።

የውጊያው ጨዋታ ያንኑ የደከመውን ትኩረት እንደገና ያሠራዋል። እረፍት መስሎን ሌላ ፈተና እንቀመጣለን። የክሌር ዓይነት ጨዋታ ግን ወደ ሁለተኛው ይጠጋል። በርግጥ ስክሪን እንጦጦን አይተካም፤ እንጦጦ መውጣት የሚችል ሰው እንጦጦ ይውጣ! ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ለተቀመጠ ተማሪ ግን በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ዲናችንም ለዚህ ቦታ ነፍጎ አያውቅም። የሐንዘላን (ረ.ዐ) ታሪክ አብዛኞቻችን ተምረነዋል። ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሲቀመጡ ልባቸው በአኺራ ይሞላል፤ ቤታቸው ገብተው ከቤተሰብና ከኑሮ ጋር ሲውሉ ያ ስሜት ይቀንስባቸዋል። ይህ ንፍቅና እንዳይሆን ሠግተው ሲጠይቁ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለዚህም ለዚያም ሰዓት እንዳለው አስረድተው አረጋጓቸው። ሰዓት አለው ማለት ግን ወሰን አለው ማለት ነው። ወሰን የሌለው ጨዋታ ከሌላው ሰዓት ይሰርቃል።

ከኛ ዘንድስ?

ረጋ ያለ ጨዋታ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። ገበጣን ውሰዱ። መሬት ላይ ወይም እንጨት ላይ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ የተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ ጥቂት ጠጠር ወይም ፍሬ፣ ሁለት ሰው። አንዱን ጉድጓድ አንስተህ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ትዘራለህ። ቆጠራ አለበት፣ ዕቅድ አለበት፣ ዕድል ግን የለበትም። እጅ ይሠራል፣ አፍ ያወራል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣዎች ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት ጨዋታው እንደየአካባቢው በርካታ ዓይነት አለው። ስልክ ሲደወል ገበጣ «ደረጃህ ይወርዳል» አይልም። ጠጠሩ ባለበት ሆኖ ይጠብቃል።

ይህን ወደ ስልክ ለማምጣት የሞከሩም አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የሚባል የሞባይል ጨዋታ ሠርቷል፤ አምልጣ የምትሮጥ ዶሮ ናት ባለታሪኳ። ስሙን የመረጠው ሰው ምን እንዳደረገ ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ኩኩሉ የዶሮ ጩኸት ነው፤ ድብብቆሽ ስንጫወት ፊታችንን ግድግዳ ላይ ደፍተን የምንጣራውም እሱን ነው። አንድ ቃል ሰምተህ ግቢህ፣ ጎረቤትህ፣ የተደበቅክበት በርሜል ይታይሃል። ይኸው ድርጅት ገበጣንም በዲጂታል መልክ አውጥቷል፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ ስቱዲዮዎች በመሠረቱት የፓን አፍሪካ ጌሚንግ ግሩፕ ውስጥም አባል ነው። ኩኩሉ ሩጫ ስለሆነች እንደ ክሌር የተረጋጋች አይደለችም። ግን በር ከፍታለች።

እዚህ ላይ ለሶፍትዌርና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የእርሻ ጨዋታ ኤሪክ ባሮን የተባለ አንድ ሰው ከአራት ዓመት በላይ ብቻውን ሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. አወጣው፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ገዛው። የክሌር ሠሪ ደግሞ ጨዋታዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረባት ከወራት ሥራ በኋላ ነው። መሣሪያው ችግር አይደለም፤ ጎዶት የሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነጻና ክፍት ነው፣ ብሌንደር የሚባለው የሥዕል መሥሪያም እንዲሁ። በርግጥ ከዚህ ሆኖ መሸጥ ቀላል አይደለም። ከ8 ዶላር ትንሽ ያነሰውን የክሌርን ዋጋ ለመክፈል እንኳ የውጭ ምንዛሬ ካርድ የሚጠይቅ አገር ላይ ነን። መሥራት ግን ይቻላል።

እኔ የማስባት ጨዋታ አለች። አንድ ልጅ የአባቱን ምሳ ዕቃ ይዞ ከአብነት ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ሰዓት አይሮጥም። በመንገዱ ጋሪ የሚገፋ ሰው «እስቲ ከኋላ ደግፈኝ» ይለዋል። ጀበና የምትሸጥ እናት ዝርዝር አጥታለች። አሮጌ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚያደርግ ባለሙያ መዶሻው ጠፍቶበታል። ከአንዋር መስጂድ አዛን ሲሰማ ሁሉም ለአፍታ ይረጋል። ምሳው የሚደርሰው ልጁ ሰፈሩን ሁሉ ካወቀ በኋላ ነው። ይህን ካናዳዊ ሊሠራልን አይችልም። ስንቶቻችን ነን ይህን መንገድ በእግራችን የምናውቀው?

ከመክፈታችሁ በፊት

ለራሴ ያወጣኋቸውን አምስት ጥያቄዎች ላካፍላችሁ። ፍትዋ አይደሉም፤ መፈተሻ ናቸው።

አንድ፣ ይቆማል? አዛን ቢል ወይም እናት ብትደውል በአንድ ሰከንድ ላቆመው እችላለሁ?

ሁለት፣ ያልቃል? ወይስ ማለቂያ እንዳይኖረው ተደርጎ ነው የተሠራው?

ሦስት፣ ምን እንደማገኝ ሳላውቅ ገንዘቤን ይጠይቀኛል?

አራት፣ ለሁለት ቀን ባልከፍተው ይቀጣኛል?

አምስት፣ ስዘጋው አእምሮዬ ቀሏል ወይስ ከበፊቱ ብሷል?

በውስጡ የሚታየውና የሚሰማው ነገር የሐላልና ሐራም ጥያቄ እንዳለ ሆኖ፣ እነዚህን አምስቱን ያለፈ ጨዋታ ጥቂት ነው። ክሌርን ስፈትናት አራቱን በደንብ አለፈች። በሁለተኛው ላይ ግን ጥፋቱ የኔ ነበር፤ በአንድ ምሽት የምታልቀውን ጨዋታ በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደገምኳት። ጥሩ መሣሪያም ቢሆን የያዘውን እጅ አይተካም።

ጫፉ ላይ

መጨረሻውን መስማት የማይፈልግ እዚህ ያቁም።

ክሌር በረዶውን አልፋ ጫፍ ትደርሳለች። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ይጮሃል። እናቷ ናት። ልጇን ላለማስጨነቅ ብላ ነበር ወደ አክስቷ የላከቻት፤ ቀዶ ጥገና ነበረባት፣ በሰላም ወጥታለች። ክሌር ቀኑን ሙሉ ዓሣ ስታጠምድና ዛጎል ስትሰበስብ ልቧ ውስጥ የነበረው ይህ ነበር። ከዚያ ከተራራው ኃይለኛ ነፋስ ወደ ላይ ይነሳል፣ እሷም ክንፏን ዘርግታ በደሴቱ ሁሉ ላይ ትንሳፈፋለች። ያለፍክባቸው ቦታዎች ሁሉ ከላይ ይታያሉ።

ላፕቶፑን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። አንድ ጨዋታ ስልክ እንዳላነሳ አድርጎኝ ነበር። ሌላዋ ጨዋታ ደግሞ ሙሉውን ተራራ ያስወጣችኝ ስልክ ለማንሳት ነው።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ለአጎቴ ልጅ ቴክስት ላክሁለት፤ «ኮረብታው ላይ ስትወጣ ደውልልኝ» ብዬ። ከሰዓት በኋላ ደወለ፤ ለካ አያቴን በቅሎ ላይ አስቀምጦ አውጥቷት ኖሯል። ነፋሱ ድምፅዋን እየቆራረጠው «ልጄ፣ እየበላህ ነው?» አለችኝ። ዱዓ አደረገችልኝ። እኔም ሰርኪዩት እንዳለፍኩ ነገርኳት፤ ሰርኪዩት ምን እንደሆነ ባታውቅም አልሃምዱሊላህ አለች።

ፋይናል ደርሷል። አላህ ለሁላችንም ያግራልን፤ በጊዜያችን ላይ በረካ ያድርግልን። ስልክ ሲደወል አንሱ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።